ከባሕር ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ ደጋ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጅቡቲ ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ዙሪያ የአየር ጋን አዝሎ ስለመጥለቅ፣ በባሕር ጅረት እየተወሰዱ ኮራል ስለማየት ያወጣችሁት ጽሑፍ «ውሃው ስለሚወስድህ ልፋት የለውም» ይላል። እግር ማወናጨፉ ይቀራል፤ ጥንቃቄው ግን ይብሳል።

የጅረቱ ፍጥነት 1 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ) ከሆነ በደቂቃ 30 ሜትር ይወስዳል። ጀልባው ላይ መነጽሩን ሲያስተካክል ግማሽ ደቂቃ የዘገየ ሰው ጓደኞቹን 15 ሜትር ርቀው ያገኛቸዋል፤ ውሃው ደፍረስ ካለ ጭራሽ አያያቸውም። ለዚህ ነው ሁሉም አንድ ላይ ዘለው፣ አየር ተነፍቶ የሚያንሳፍፈውን ጃኬታቸውን ሳይነፉ ወዲያው የሚወርዱት። ጅረቱን ፊት ለፊት የታገለ አየሩን ይጨርሳል። የዓባይን ሙላት በዋና የሚሻገር ጎጃሜ ይህን አያጣውም፤ ለውሃው እየተሰጠ በሰያፍ ይቆርጣል። ወለሉ አጠገብ ጅረቱ ስለሚቀንስ ወደዚያ መጠጋት ይረዳል፤ ኮራሉን መጨበጥ ግን ነውር ነው፣ ሕያው ነገር ነውና ይሰበራል።

ሲወጡ የሚያሰጋው ለጀልባው ያሉበትን የሚያሳየው ተንሳፋፊ ቱቦ ነው። ከታች አየር ሲገባበት ወደ ላይ ይፈተለካል፤ ክሩ ከጃኬት ዘለበት ጋር ከተያያዘ ሰውየውንም ይዞት ይወጣል፣ ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ክሩ ከሰውነት ጋር አይታሰርም፤ ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ አልፈታ ካለ ይለቀቃል፣ ዕቃ ይገዛል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ ወጥቶ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆየት፣ ከጋኑ 200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) አየርም 50 ያህሉን ይዞ መውጣት ነው።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ግን ለእኛ ለደጋ ሰዎች ዋናውን ነው። ከታች ሲተነፍሱ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ይሟሟል፤ የሚወጣው በሰዓታት ነው። የአየር ግፊት ቶሎ ከቀነሰ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ አንዳንዴም እግር ያሽመደምዳል። ስለዚህ አንዴ የጠለቀ ቢያንስ የ12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ የ18 ሰዓት ዕረፍት ሳያደርግ አይበርም። «በመኪና ነው የምሄደው» ማለት አያድንም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚሳሳው እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከተማ ከዚያ አታንስም። አዲስ አበባም ብትሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጣና ላይ ለመጥለቅ ያሰበም ባሕር ላይ ለሚጠልቅ የተሠራውን፣ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን ሠንጠረዥ እንዳለ አይጠቀም፤ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

የዕረፍቱን ሰዓት በሚቀጥለው ዕትም ብታወጡት።

ሁለት ጠላቂዎች፣ ከባሕር ዳር