ለ«ኢትዮጵያ» መርከብ ሞዴል የሚሆን ስስ ሉህ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ ደኅና ናቸው? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ አለመጻፌ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በለኝ። ለመርከብ ሞዴልህ የትኛው ስስ ሉህ እንደሚሻል የጠየቅኸኝን ግን አልረሳሁትም። ዕቃውን ሳትገዛ እንዲደርስህ ብዬ ነው በዝርዝር የምጽፍልህ።

የንጉሠ ነገሥቱን ባሕር ኃይል «ኢትዮጵያ» መርከብ በ1፡100 ልትሠራ መነሣትህ እጅግ አስደስቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ከመረከባችን በፊት ስሟ «ኦርካ» ነበርና ፕላኑን በዚያም ስም ፈልግ። ርዝመቷ 94.7 ሜትር ስለነበረ ሞዴሉ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወርዱም 12.5 አካባቢ። መርከቧ ሙሉ ጭነት ይዛ 2,750 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው ለመቶ ሲካፈሉ ክብደት ለሚሊዮን ይካፈላል። ስለዚህ ሞዴሉ በልኩ እንዲንሳፈፍ ከነሞተሩና ከነባትሪው ያለህ 2.8 ኪሎ ብቻ ነው። ሉህ ስትመርጥ ይህ ቁጥር ከፊትህ አይራቅ።

የመርከቧን አካል (ቀፎውን) ከውስጥ ቅርጽ ለሚያስይዙት ጎድኖች 3 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ በቂ ነው። መሀል ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ አፍንጫውና ወደ ኋላው ደግሞ በየ3 አቁማቸው፤ ክብደት እንዲቀንስ ውስጣቸውን ቦርቡር። ቀፎውን ግን በአንድ ሰፊ ሉህ ልሸፍነው አትበል። ሉህ በአንድ ጊዜ የሚታጠፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ብርቱካን በወረቀት ስትጠቀልል ወረቀቱ እንደሚሸበሸበው፣ አፍንጫው ወደ ውጭ በሚከፈትበት ቦታ ኮምፔንሳቶውም ይጨማደዳል ወይም ይሰነጠቃል። መሀል ላይ ቀጥ ያለውን ጎን 0.8 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ያለብሰዋል፤ ጫፍና ጫፉን ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሚሊ ሜትር ወርድ ባላቸው የሊንደን እንጨት ቀጫጭን ጣውላዎች ሥራ። ኮምፔንሳቶ ከመቁረጥህ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ በእጅህ አጥፈህ ሞክረው፦ የላይኛው ሽፋን የእንጨት ክር በሚሄድበት አቅጣጫ ይደርቃል፣ ክሩን አቋርጠህ ስታጥፈው እሺ ይላል። ክሩን ሳያዩ ቆርጦ በግድ ማጠፍ ብዙ ሉህ ያባክናል።

ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ውጭውን በካሬ ሜትር 50 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ጨርቅና ኢፖክሲ፣ ማለትም ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ፣ አልብሰው፤ ውስጡንም ስስ ኢፖክሲ ቀባው። ቀፎውን ከላይ ለሚከድነው ወለል የምትጠቀምበትን 0.8 ሚሊ ሜትር ሉህ ደግሞ ሳታጣብቀው በፊት ከሥሩም ቀባ፤ ላዩ ብቻ ከተቀባ ያልተቀባው ፊት እርጥበት እየሳበ ያብጥና ሉሁ ይቆለመማል።

ከወለሉ በላይ ላሉት ክፍሎች ምርጫዬ ያለጥርጥር የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ነው። ለግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር፣ ለወለል ዳር መከለያ 0.5፣ ለበሮች 0.25 ያዝ። «ጠንካራ ይሁን» ብለህ 2 ሚሊ ሜትር እንዳትገዛ። ኤ4 የሚያህል የ1 ሚሊ ሜትር ሉህ 65 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ሉህ ቢፈጅ ውፍረቱን እጥፍ ማድረግ 130 ግራም ይጨምርብሃል፤ ያውም ከላይ፣ መርከቧን በሚገለብጥበት ቦታ። ጥንካሬ ከፈለግህ ከውስጥ በየማዕዘኑ ቀጭን ዘንግ ለጥፍ። አቆራረጡ ቀላል ነው፤ በከተር ሁለት ጊዜ ጫር አድርገህ ስበር፣ በጠርዙ ላይ የሚነሣውን ጉብታም ፋቅ። ለጠርዝ ልዩ ጥንቃቄ አድርግ፦ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት በ1፡100 አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.5 ሚሊ ሜትር እንኳ አምስት እጥፍ ይወፍራል። የሚታየውን የላይኛውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት አሳሳው፤ ዓይን ሉሁ ሁሉ ስስ ይመስለዋል።

ሁለት ሰፋፊ የፕላስቲክ ሉሆችን አነባብረህ ፕላስቲኩን እያሟሟ በሚይዘው ፈሳሽ ማጣበቂያ አታጣብቅ። ፈሳሹ መሀል ላይ ታፍኖ ይቀርና ከሳምንታት በኋላ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ ያጣምመዋል። ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን ስትሠራም ትነቱ እንዲወጣ ከሥሩ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተውለት። በእናንተ አገር ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አትተወው፤ ይጣመማል።

ያው ማጣበቂያ እንጨትን አይዝም። ስለዚህ ላይኛውን ክፍል ከወለሉ ጋር አታጣብቀው፤ ተነሺ አድርገው፣ ባትሪውንም በዚያው ታወጣለህ። ለአጥርና ለምሰሶ 0.5 ሚሊ ሜትር የነሐስ ሽቦ ተጠቀም፤ በካውያ በደንብ ይበየዳል። የነሐስ ሉህ ግን ከላይ አታብዛ፤ ከፕላስቲክ ስምንት እጥፍ ይከብዳል።

የጎድኖቹን ፕላን ስታገኝ ላክልኝና የትኛው ቦታ በሉህ፣ የትኛው በጣውላ እንደሚሠራ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የዘወትር ወንድምህ