ሐምሌ ለቢሯችሁ የበጀት መክፈቻ፣ ለስንዴ የዘር ወር
ግልጽ ደብዳቤ ለክልላችን ግብርና ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የሰብል ልማት ሠልጣኞች የመስክ ግብዓት ይሟላላቸው ብለን ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል። ሁለቱ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተባሉ፤ ሦስተኛው ከመዝገብ ቤት አልወጣም።

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶው ተግባር መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆናል። ዘንድሮ ሰርቶ ማሳያው ላይ ስንዴ የተዘራው ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ የደረሰን በመስከረም። ኤንፒኤስ ከዘር ጋር መስመሩ ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ፣ ዛላ ላወጣ ስንዴ ላይ ላዩን ቢበተን ሥሩ አያገኘውም። በጀቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ጨረታው ይቀጥላል፤ ዝናቡ ግን የግዥ መመሪያ አላነበበም።

የኬሚካል መርጫው ነገር ይብሳል። የብቃት ምዘናው ሠልጣኙን የመርጫ ልኬት ያሠራዋል፦ 10 በ10 ሜትር ቦታ ይለካል፣ መርጫው ውስጥ የታወቀ ውኃ ይሞላል፣ በተለመደ እርምጃ ይረጫል፣ የጎደለው ይሰፈራል። 2 ሊትር ከጎደለ ለሄክታር 200 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ መርጫ 10 ጊዜ ይሞላል። ለሄክታር 1 ሊትር ቱፎርዲ (ቅጠለ ሰፊ አረም ማጥፊያ) ከታዘዘ በየሙሊቱ 100 ሚሊ ሊትር ይገባል። ቀዳዳው የሰፋ ኖዝል (የመርጫው አፍንጫ) ግን በዚያው እርምጃ 3 ሊትር ያፈሳል፤ ሙሊቱ 15 ይሆናል። 100 ሚሊውን በቃሉ ሸምድዶ የሄደ ልጅ በሄክታር 1 ሊትር ተኩል መድኃኒት ያወርዳል። የገበሬው ስንዴ ይጎዳል፤ ነፋስ ካለም የጎረቤት ባቄላ አብሮ ይጠወልጋል።

ያሉን መርጫዎች 4 ናቸው። ሦስቱ ጎሚኒያቸው አልቆ ጀርባ ላይ ያንጠባጥባሉ (ኬሚካል ጀርባ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ያውቁታል)፣ የአራተኛው ኖዝል ያረጀ ነው። በእነዚህ የተለማመዱ ሠልጣኞች ምዘናው ላይ በደንበኛ መርጫ ፊት ቆመው «ገና ብቁ አይደሉም» ተባሉ። ለኖዝሉ ምዘና ያወጣለት የለም። ልጆቹ ግን ያለ ብቃት ማረጋገጫ ልማት ጣቢያ አይቀጠሩም።

የሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ከዘንድሮው በጀት እስከ ግንቦት ይገዛ። ጎሚኒና ኖዝል ጨረታ አያስፈልገውም፣ ከገበያ ይገኛል።

«የተግባር ሥልጠና ሙሉ በሙሉ ተከናውኗል» የሚለውን ቅጽ ሳንፈርም መልሰናል።

የሰብል ልማት አሠልጣኞች