ስለ ውኃው እግርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ወር ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞችሽ ጋር የስኩባ ዳይቪንግ፣ አየር ይዞ ውኃ ውስጥ የመጥለቅ፣ ትምህርት መጀመር እንደምትፈልጊ በስልክ ስትነግሪኝ «እግርሽ ውኃ አይወድም» ብዬ ነገሩን መዝጋቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። አንቺም «እሺ አባዬ» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ፤ የከበደኝ እሱ ነው።

ያን ቃል እኔ አልፈጠርሁትም። የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ እግርሽን ስንረከብ አብሮ በተሰጠን ወረቀት ላይ ውኃ እንዳይነካው የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር፤ እኔም የእግሩን ዋጋ ካየሁ በኋላ ያንን መስመር እንደ ትእዛዝ ይዤው ኖርሁ። በአሥራ አምስት ዓመትሽ የአክስትሽ ልጆች ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቁ አንቺ የሁሉንም ፎጣ ታቅፈሽ ዳር ላይ መቀመጥሽን አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም አልሁ። ከአንቺ ይልቅ እግሩን ስጠብቅ እንደኖርሁ የገባኝ አሁን ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስለዚህ ሳልነግርሽ እግርሽን ወደሚሠራልሽ ባለሙያ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ እሱ እስኪሰለች ድረስ ስጠይቀው ዋልሁ።

የዕለት እግርሽ ውኃ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከካርቦን ፋይበር የተሠራው መርገጫ በጎማ ልባስ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ውኃ አንዴ ከገባ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቆያል፤ ብሎኖቹና ማያያዣዎቹም የባሕር ጨውና የገንዳ ክሎሪን ሲያገኛቸው ይበላሻሉ፣ አሸዋም ይፈጫቸዋል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ጉልበት ለሚያደርጉ ሰዎች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ የአንቺ ጉልበት ግን እግዚአብሔር ይመስገን የራስሽ ስለሆነ እሱን እንዝለለው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ውኃ የማያስገባ እግር ከተሠራ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ይህንኑ ስናገር ባለሙያው ሳቀብኝ። ውስጡ አየር የያዘና የተደፈነ እግር ውኃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አንዱ እግርሽ እንደ ቡሽ ሽቅብ ሲንሳፈፍ ወገብሽ ይጣመማል፣ ራስሽም ወደ ታች ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት የመዋኛ እግር ሆን ተብሎ ይበሳል፤ በባቱና በቁርጭምጭሚቱ በኩል በሚተዉለት ቀዳዳዎች ውኃው ገብቶ አየሩን ያስወጣል፣ ወደ ዳር ስትወጪም በዚያው በኩል ይንቆረቆራል። ይህን ስሰማ የጣና ታንኳ ትዝ አለኝ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ልጆች ሳለን ከቀዘፋ ስንመለስ ውኃው እንዲወርድለትና ፀሐይ እንዲያደርቀው ታንኳውን ጎትተን ዳር ላይ እናቆመው ነበር። እርጥቡን ከተተወ እየከበደ ሄዶ ይበሰብሳል። ታንኳ ሠሪዎቻችን ግን ውኃውን ለመከልከል ሲጨነቁ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር ቁርጭምጭሚቱ ነው። የዕለት እግርሽ የተሠራው ለመቆምና ለመራመድ ስለሆነ መርገጫው ወደ ፊት እንደተገተረ ይቀራል፤ ውኃ ውስጥም እንደ መልሕቅ ይጎትትሻል፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ውኃ የሚቀዝፈውን ፊን ብታጠልቂበትም ወደ ፊት አይገፋሽም። ለጠላቂዎች ተብሎ የተሠራው ቁርጭምጭሚት መቆለፊያ አለው፤ በአንደኛው አቀማመጥ በመርከቡ ወለል ላይ ትራመጂበታለሽ፣ ቁልፉን ስትለውጪው ደግሞ መርገጫው እንደ ዋናተኛ እግር ይዘረጋል። ችግሩ ፊኑ ውኃውን በመታ ቁጥር ኃይሉ የቀረው እግርሽ በሚገባበት ጎድጓዳ ክፍል፣ በሶኬቱ በኩል አልፎ ከጉልበትሽ በታች በቀረው አጥንት ላይ ማረፉ ነው፤ ቆዳሽን ሊልጠው፣ እግሩንም ጨርሶ ሊነቅለው ይችላል። ስለዚህ ቆዳሽ ላይ ከምታጠልቂው ለስላሳ ሽፋን፣ ማለትም ከላይነሩ፣ ማያያዣ ሌላ እስከ ጭንሽ የሚደርስ የጎማ እጀታ ይደረግበታል፤ በገመድ የሚያስሩትም አሉ።

ይህ ሁሉ ይቻል እንደሆነ ስጠራጠር የፊሊፕ ክርዋዞንን ታሪክ አነበብሁ። ይህ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ከቤቱ ጣሪያ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና ሲያወርድ ኤሌክትሪክ መትቶት ሁለት እጆቹንም ሁለት እግሮቹንም አጥቷል፤ በ2010 ግን ፊን የተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ እግሮች አድርጎ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ሰርጥ ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ዋኝቶ ተሻገረ። በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካዊቷ ናታሊ ዱ ቶይት፣ በ2001 ከልምምድ ስትመለስ መኪና ገጭቷት እንዳንቺ ግራ እግሯን ያጣችው፣ በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ የ10 ኪሎ ሜትሩን ዋና ያለ ምንም ሰው ሠራሽ እግር ዋኝታ 16ኛ ወጥታለች። በፓራሊምፒክ የዋና ውድድርም እግሩ ይወልቃል እንጂ አይፈቀድም።

ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ገንዳ ውስጥ ለመዋኘት ምንም አያስፈልግሽም፤ አውልቀሽ ግቢ። የውኃው እግር የሚያስፈልግሽ ከልብስ መቀየሪያው እስከ ውኃው ለመሄድ፣ ከባድ የአየር ሲሊንደር በጀርባሽ አዝለሽ የመርከብ መሰላል ለመውጣት፣ እንዲሁም በሁለት ፊን ለመቅዘፍ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀዳዳ ያለውና የማያንሸራትት መርገጫ የተደረገለት ቀላል እግር ይበቃል፤ ለሦስተኛው ግን ውዱ ቁርጭምጭሚት ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚሻል አንቺ ከአስተማሪሽ ጋር ተመካክረሽ ወስኚ። የድሮው እግርሽ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ስላለ እሱን አስበስቼ ወጪ ልቀንስ አስቤ ነበር፤ የቀረው እግርሽ ከዚያ ወዲህ ስለቀጠነ ሶኬቱ አይሆንም አሉኝ።

አጎትሽ «ይህማ ቅንጦት ነው» አለኝ። እኔ ግን ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራውን የጃይፑር እግር አስታወስሁት፤ ከጎማ የተሠራው በባዶ እግራቸው በሩዝ ማሳ ውኃና ጭቃ ውስጥ ለሚውሉ ገበሬዎችም እንዲሆን ታስቦ ነው። ያን ቅንጦት የሚለው ማን ነው?

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርሽ። ሜይን እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንሹራንስ ለልጆች የስፖርት እግር እንዲከፍል በሕግ ስትደነግግ የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ነበረች፤ የእኛዋ ሜሪላንድም በ2024 ይህን መሰል ሕግ አጽድቃለች። ይሁን እንጂ አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ዓይነት ኢንሹራንስ በግዛት ሕግ አይገደድም፣ የእኔም እንደዚያ ያለ ሆኖ ተገኘ። የላክሁት ማመልከቻ «ለሕክምና አስፈላጊ አይደለም» ተብሎ ተመልሷል። ይግባኝ ጽፌአለሁ፤ መልሱን ግን አልጠብቅም። በኅዳር እቁብ ይደርሰኛል።

ለቅርጹ ልኬት በታኅሣሥ ዕረፍትሽ ሁለተኛ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤ አሁን የምታደርጊውን ላይነር ይዘሽ ነይ። እስከዚያው ገንዳ ከገባሽ ቆዳሽን በንጹሕ ውኃ ታጥበሽና በደንብ አድርቀሽ እንጂ እርጥቡን ላይነር አታጥልቂበት። ባለሙያው የእግሩ ቀለም ደማቅ ቢሆን ይሻላል ብሏል፤ ውኃ ውስጥ ከወለቀ ቶሎ እንዲታይ። እኔ ቢጫ ብዬ ነበር፤ እናትሽ ግን ብርቱካንማ ነው የምትለው።

አባትሽ