«ምን ሠርታ ትበላለች?» ላሉት አባት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጃቸው አንትሮፖሎጂ ካልተማርኩ ብላ እንቅልፍ ነስታቸዋለች። «መምህር ካልሆነች ምን ሠርታ ትበላለች? የሰው ባህል አጠናሽ ብሎ ደሞዝ የሚከፍላት ማን ነው?» ይላሉ። የኔም አባት ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። አሁን በዚህ ትምህርት ተመርቄ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። ስለዚህ ያኔ ለአባቴ ልመልስለት ያልቻልኩትን ዛሬ ለእኚህ አባት ልመልስ።

የኔ ሥራ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸው የት ላይ እንደሚሰናከል ማጥናት ነው። አንድ ሆስፒታል የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎቹ ከቀጠሮ እየቀሩ አስቸገሩት። መጠይቅ አዘጋጅቶ «ለምን ቀሩ?» ብሎ አስጠየቀ፤ አብዛኛው ሰው «ረሳሁት» አለ። መልሱ ግልጽ ስለመሰለ በስልክ የማስታወሻ መልእክት የሚልክ ሥርዓት ሊገዛ ተዘጋጀ። እኔ ግዢው ሦስት ሳምንት እንዲቆይልኝና መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ እንድቀመጥ እንዲፈቀድልኝ ለመንኩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አላየሁም። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኔ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አረፈ። ታካሚው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ያስጠጋል። ሠራተኛዋ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል ቀኑን ትነግረዋለች። «እሺ» ብሎ ይሄዳል። በር ላይ ጠብቄ «ቀጠሮዎ መቼ ነው?» ስላቸው ብዙዎቹ ካርዱን አውጥተው ካላዩ አያውቁትም ነበር።

ነገሩን የገለጡልኝ ግን አንዲት እናት ናቸው። ከቦርሳቸው ሁለት ካርድ አወጡ፣ በላስቲክ የታሰሩ። አንደኛው የራሳቸው ነው፤ ሌላው የባለቤታቸው። ባለቤታቸው ያለ ደጋፊ መራመድ አይችሉም። የሳቸው ቀጠሮ ማክሰኞ ነው፤ የእናትየዋ ደግሞ የዚያው ሳምንት ሐሙስ። «ለሱ እመጣለሁ። ለራሴ ስመጣ እሱን ለማን ልተወው?» አሉኝ። ታዲያ ለመጠይቁ ለምን «ረሳሁት» ብለው እንደመለሱ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ልጅቷም ትቸኩላለች። ይህን ሁሉ ቆሜ ላውራላት?» አሉ።

ከዚያ በኋላ መዝገቦቹን ገለበጥኩ። እያንዳንዱ ክፍል ቀጠሮ የሚሰጠው ከሌላው ሳይነጋገር ነው። ባልና ሚስት ይቅርና፣ አንድ ሰው እንኳ ለስኳሩ አንድ ቀን፣ ለግፊቱ ሌላ ቀን ይቀጠር ነበር። የመልእክት ሥርዓቱ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ እኚያን እናት ያልረሱትን ነገር ሲያስታውሳቸው ይኖር ነበር። ያቀረብኩት ሐሳብ ብዙ ወጪ የለውም፤ በመስኮቱ በኩል «አብሮዎት የሚታከም ሰው አለ?» ተብሎ እንዲጠየቅና የሁለቱም ቀጠሮ በአንድ ቀን እንዲሆን ነው። ጥያቄዋ እስካሁን በዚያ መስኮት ትጠየቃለች።

አባትየው «የሰው ባህል» ያሉት እንግዲህ ይህንንም ይጨምራል። ባህል ማለት የሩቅ ሰው አለባበስና ጭፈራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ካርድ ክፍልም ባህል አለው፤ የባንክ ሠራተኞችም አላቸው። ትምህርቱ የሚያሠለጥነው ሰው አደርገዋለሁ በሚለውና በሚያደርገው መካከል ያለውን ክፍተት ቁጭ ብሎ ማየትን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከሥሩ ለማየት ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል።

ይህ እይታ የሰው ነፍስ የሚያድንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ አካባቢ ኢቦላ ገባ። ሰዉ ከአምቡላንስ ይሸሽ፣ በሽተኛ ይደብቅ ነበር። የጤና ሠራተኞች ይህን አለማወቅ ነው ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ባሪ ሂውሌት የተባለ አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአካባቢውን የአቾሊ ሕዝብ ሲጠይቅ ያገኘው ግን ሌላ ነው። አቾሊዎች «ጌሞ» ብለው ለሚጠሩት ወረርሽኝ ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። በሽተኛው ለብቻው ቤት ይደረጋል፣ ቤቱ ምልክት ይተከልበታል። የሚያስታምመው በሽታው ይዞት የተረፈ ሰው ነው። ከመንደር መንደር መዘዋወር ይቆማል። የዳነውም ሰው ቢሆን አንዲት ጨረቃ ሙሉ እስክትዞር ከሰው አይቀላቀልም። ማንኛውም የወረርሽኝ ባለሙያ የሚመክረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቤተሰቡን ያስሸሸው በሽተኛው ተለይቶ ከተቀመጠበት ቦታ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አለማየቱ፣ የሞተበትንም ሰው አስከሬን ሳያይ መቀበሩ ነበር። እንዲህ ከሆነ መፍትሔው የሚያምኑትን ደንብ አጋር ማድረግና በሽተኛቸውን ከሩቅም ቢሆን እንዲያዩት ማድረግ ነው።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2014 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ያው በሽታ ሲነሳ ያው ስሕተት ተደገመ። መላ ሰውነታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጥተው አስከሬን በላስቲክ ከረጢት ከተው ይወስዳሉ፤ ቤተሰብ የት እንደተቀበረ እንኳ አያውቅም። ሰዉም ሙታኑን በሌሊት በድብቅ መቅበር ጀመረ፤ በሽታውም በዚያው ተዛመተ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አዲስ የቀብር መመሪያ አወጣ። ቤተሰብ በሥርዓቱ ላይ እንዲገኝ፣ ጸሎት እንዲደረግ፣ በእጅ ሳይነኩ መሰናበት እንዲቻል ተደነገገ። ይህን ለማዘጋጀት የሃይማኖት አባቶችም አንትሮፖሎጂስቶችም ከሐኪሞቹ ጎን ተቀምጠዋል። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ከ11,000 በላይ ሰው አልቋል። ያ ምክር በመጀመሪያው ወር ተሰምቶ ቢሆን ብዬ ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ ስለ ጉሉ ተጽፎ ተቀምጦ ነበርና።

ከሕክምና ውጭስ? ዜሮክስ የተባለው የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንትሮፖሎጂስቶችን ይቀጥር ነበር። ሉሲ ሱችማን እዚያ ወደ 20 ዓመት ሠርታለች። ቀላል ነው የተባለለትን ማሽን ሰዎች ሲጠቀሙበት በቪዲዮ ስትቀርጽ፣ የኮምፒውተር ሊቃውንት ሳይቀሩ ምን እንደሚነኩ ጠፍቷቸው ታዩ። መሐንዲሶቹ እስከዚያ ድረስ ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ ነበር የሚያላክኩት። በዚያው ኩባንያ ጁሊያን ኦር ደግሞ ጥገና የሚሠሩትን ቴክኒሻኖች ተከተለ። ኩባንያው ቴክኒሻኖቹ ማኑዋሉን እየተከተሉ የሚጠግኑ መስሎት ነበር። ኦር ያየው ግን ምሳና ቁርስ ላይ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ ነው፤ «እንዲህ ያለ ብልሽት ገጥሞኝ፣ እንዲህ አድርጌ…» እያሉ። ለአለቆች ጊዜ ማባከን የሚመስለው ያ ወሬ ዋነኛው የእውቀት መተላለፊያ ነበር። ኋላ ኩባንያው ቴክኒሻኖቹ ብልሃታቸውን የሚመዘግቡበትና የሚለዋወጡበት ሥርዓት ዘረጋ። እኔ ይህን ታሪክ በተማሪነቴ ባውቀው ኖሮ ለአባቴ መልስ አላጣም ነበር።

አባትየው ልማት ውስጥ ከሠሩ ደግሞ የሄይቲውን ይወዱት ይሆናል። እዚያ ለዓመታት «ደን ጠብቁ» እየተባለ ችግኝ ይታደል ነበር፤ ገበሬው ግን አይንከባከበውም። ጄራልድ መሪ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ከገበሬዎቹ ጋር ኖሮ ሲያጠና፣ ገበሬው ዛፍ ጠልቶ እንዳልሆነ ተረዳ። የተተከለው ዛፍ የመንግሥት ይሆናል፣ ልቆርጠው አልችልም ብሎ ነው የሚፈራው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን ገለበጠው። ዛፉ የገበሬው ነው፣ እንደ ሰብል ተክሎ እንደ ሰብል ቆርጦ ይሸጠዋል። ዕቅዱ በአራት ዓመት 3 ሚሊዮን ችግኝ ነበር፤ የተተከለው ወደ 20 ሚሊዮን ደረሰ። ኮንራድ ኮታክ የተባለ ሌላ አንትሮፖሎጂስት 68 የልማት ፕሮጀክቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰዎቹ ባህል ጋር የተስማሙት ፕሮጀክቶች ያስገኙት ትርፍ ካልተስማሙት ከእጥፍ በላይ እንደነበር አሳይቷል። የገንዘብ ሚኒስቴርም የሚረዳው ቋንቋ ነው።

ሌሎቹን ላሳጥር። እ.ኤ.አ. በ1984 ክላይድ ስኖው የተባለ፣ የሞተን ሰው ማንነት ከአጥንቱ የሚለይ አንትሮፖሎጂስት አርጀንቲና ሄዶ ጥቂት ወጣት ተማሪዎችን የአጥንት ምርመራ አሠልጥኖ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች የመሠረቱት ቡድን በወታደራዊው አገዛዝ የጠፉ ሰዎችን አስከሬን እየለየ ለእናቶቻቸው መልሷል፤ ሥራው ሌሎች አገሮችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 የዓለም ባንክን የመሩት ጂም ዮንግ ኪም የአንትሮፖሎጂ ዶክተር ናቸው። ጋዜጠኛዋ ጂሊያን ቴት በታጂኪስታን የጋብቻ ሥርዓት ላይ ዶክትሬቷን ሠርታ፣ ኋላ የባንክ ሰዎችን በዚያው ዓይን ስለተመለከተች እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት አደጋውን ከጠቆሙት ጥቂቶች አንዷ ሆናለች።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። ሰው ዘንድ ተቀምጦ ምስጢሩን መስማት ሰውየውን ለመጉዳትም ይውላል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 በኢራቅና በአፍጋኒስታን አንትሮፖሎጂስቶችንና ሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያዎችን ከወታደሮች ጋር አሰማርቶ ነበር። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር አመራር በ2007 ይህን በይፋ ተቃውሟል፤ ልክ ነበር እላለሁ። እኔም በሙያዬ ቀጣሪ ያቀረበልኝን ሥራ እምቢ ያልኩበት ቀን አለ። ልጅቷ ደሞዝ የሚያስገኝላትን ክህሎት ስትማር፣ ደሞዝ ሲቀርብላት እምቢ የምትልበትንም አብራ መማር አለባት።

አሁን ወደ አባትየው ዋና ጭንቀት ልመለስ፤ ምክንያት አላቸውና። «አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አይወጣም። ሥራው የሚወጣው በሌላ ስም ነው። የተጠቃሚ ጥናት ባለሙያ፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ተፅዕኖ ገምጋሚ፣ የማኅበረሰብ ጤና አስተባባሪ፣ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ እየተባለ። የዓለም ባንክ ሰው ከመሬቱ የሚያስነሳ ፕሮጀክት ሲደግፍ የመልሶ ማስፈሪያ ዕቅድ ይጠይቃል፤ ያን ዕቅድ ከተነሺዎቹ ጋር ተነጋግሮ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት የነገረኝ አልነበረም። እኔን ያስተማሩኝ መምህራን ንድፈ ሐሳቡን አሳምረው አስተምረውኛል፣ ቀጣሪ ፊት ቀርቤ ምን እንደምችል በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገርን ግን አላስተማሩኝም። ለዚህ ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ባክኛለሁ። ያ ጊዜ አሁንም ይቆጨኛል፤ ሌላ ልጅ እንዲደርስባት አልፈልግም።

ስለዚህ ልጅቷ ስታቲስቲክስ ትጨምርበት፤ የታየውን ከቁጥር ጋር ማጋጠም የማይችል ሰው ስብሰባ ላይ አይደመጥም። አጭር መጻፍም ትልመድ። ስለዚያ ሆስፒታል መጀመሪያ ያቀረብኩት ሪፖርት 60 ገጽ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የተሠራበት ሁለተኛው ነው። አንድ ገጽና ከበሩ እስከ መስኮቱ ያለውን የታካሚ መንገድ የሚያሳይ አንድ ሥዕል ነበረው።

ትምህርት እስኪጀመር ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ ሰው የሚበዛበት መስኮት አጠገብ እንድትቀመጥ ፈቃድ ትጠይቅ። አሥር ቀን ትቀመጥ፤ ሰው የሚለውንና የሚያደርገውን ለየብቻ ትጻፍ። ከዚያ የማንንም ስም ሳትጠቅስ ያየችውን አንድ ገጽ አድርጋ ለዝግጅት ክፍሉ ትላክልኝ። አድራሻዬ እዚያ አለ። አንብቤ እመልስላታለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ