የተከፈተ ጥቅስ ይዘጋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ገጠር የተጻፉ ዘገባዎችን ከጋዜጣ እየቆረጡ ያስቀምጡ ነበር። እነዚያን ዘገባዎች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ የተናጋሪዎቹን ቃል ብቻ ለይቼ ለማውጣት በሬጄክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በምልክት ገልጾ በኮምፒውተር መፈለጊያ ዘዴ) መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ዘገባ እንዲህ ይላል፦

«ዝናቡ ቀድሞ ገባ» ያሉት አርሶ አደር፣ ቆየት ብለው «ዘሩ ግን አልደረሰንም» አሉ።

እኔ የጻፍኩት «.*» ነበር። « እና » ራሳቸው የሚፈለጉት የጥቅስ ምልክቶች ናቸው፤ ነጥቡ ማንኛውም ፊደል፣ ኮከቡ ደግሞ የቱንም ያህል ማለት ነው። ኮከቡ ግን ስግብግብ ነው። እስከ መስመሩ መጨረሻ ይጋልብና፣ ከዚያ ወደ ኋላ አንድ አንድ ፊደል እየለቀቀ የመጨረሻውን » ሲያገኝ ይቆማል። ስለዚህ «ያሉት አርሶ አደር፣ ቆየት ብለው» የሚለው የጋዜጠኛው ቃል ከገበሬው አፍ እንደወጣ ሆኖ ተመዘገበ። ስንቱን ሰው ያላለውን እንዳስባልኩት ሲገባኝ በጣም ደነገጥኩ። አባቴ እነዚያን ወረቀቶች ያስቀመጡት ሰዎቹ ያሉትን ብለው ነው።

ከኮከቡ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ሲገባ፣ «.*?» ሲሆን፣ ፍለጋው ቁጥብ ይሆናል፤ ከባዶ ተነሥቶ አንድ አንድ ፊደል እየጨመረ መጀመሪያ ያገኘው » ላይ ይቆማል። ይህችን ምልክት ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ፐርል 5 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

እሱም አልበቃኝም። ተከፍቶ ያልተዘጋ ጥቅስ ካለ፣ ቁጥቡም ቢሆን የቀጣዩን ጥቅስ መዝጊያ እስኪያገኝ ይሄዳል። አሁን የምጠቀመው «[^«»]*» ነው፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው ከ« እና ከ» በቀር ማንኛውም ፊደል ማለት ነው፤ በመሃል ሌላ መክፈቻ ካገኘ ያልተዘጋውን ይተወዋል። የተተወውን በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አርባ ሁለት አግኝቻለሁ።

ዓረፍተ ነገር ስለይም ያው ነው። አራት ነጥብን አንዳንዱ ጽሑፍ ። ይለዋል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ፡ በመምታት ፡፡ ይሠራዋል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ። የሚፈልግ ቁጥብ ፍለጋ ፡፡ን አልፎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያጣብቃል።

የእናንተም ጋዜጣ በድረ ገጹ በአንድ ዕትም ሁለቱንም ይጠቀማል። ለጽሕፈት ክፍላችሁ እባካችሁ ንገሩልኝ፦ የከፈታችሁትን ጥቅስ ዝጉት፣ አራት ነጥብንም በአንዱ ፊደል ብቻ ጻፉት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር