ሻዩን ትንሽ አቆዩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ደም ማነስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምስር፣ ባቄላ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥጋ፣ ጉበት እያላችሁ ብረት ያለባቸውን ምግቦች በደንብ ዘርዝራችኋል። ስህተት አላገኘሁበትም። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የቀረው ነገር እኔን ስድስት ወር ሙሉ በከንቱ ስላንገላታኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ 44 ነው። የማስተምረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያንን ደረጃ እንደ ወትሮዬ መውጣት አቃተኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?" ይሉኛል። "እንቅልፍ አጥቼ ነው" እላለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነገርም ነበር። ጠመኔ ያምረኝ ነበር። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሽታው ምራቄን ያመጣዋል። ተማሪዎቹ ወጥተው ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቁራጩን አፌ ውስጥ አደርገዋለሁ። በጣም አፍርበት ነበር። ዛሬ በአደባባይ የምጽፈው ይህን ከሚያነቡት መካከል አፈር የሚያምራት ወይም በረዶ ስትቆረጥም የምትውል፣ "ምን ነካኝ?" እያለች የምትደበቅ ሴት ልትኖር ስለምትችል ነው። እህቴ፣ ይህ መጥፎ ዓመል አይደለም። የብረት እጥረት ባለበት ሰው ላይ የሚታይ የታወቀ ምልክት ነው። ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ።

እኔ ስመረመር ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር መጠን፣ 8.7 ሆነ። ለአዋቂ ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። የወር አበባዬ ይበዛ ስለነበር ምክንያቱ እሱ ነው ተባለ። የብረት ኪኒን ታዘዘልኝ። "ብረት ያለው ምግብ ተመገቢ" ተብዬ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የተባልኩትን አንድም ሳላጎድል አደረግሁ። ምሳዬ ምስር ወይም ባቄላ ሆነ። ኪኒኑ ሆዴን ስለሚረብሸኝ በትኩስ ሻይ እውጠዋለሁ። ከምሳ በኋላም እጄን ሳልታጠብ በፊት ሻይ ይቀርብልኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው የለመድኩት። ከአራት ወር በኋላ ስመረመር 9.1 ሆነ። ባለሙያው ወረቀቱን አየና "ኪኒኑን አልወሰድሽም ማለት ነው" አለኝ። አንዷንም ሳልዘል ውጬ ነበር። የዚያን ቀን እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ሁለት ወር ደግሞ ያንኑ ቀጠልኩ።

ከዚያ ሌላ ቦታ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ነርስ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርጋ ውስጡን አየች። ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ "እናቴ፣ ኪኒኑን በምንድነው የሚውጡት?"

"በሻይ" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አነሳች። የምርመራ ወረቀቴ ጀርባ ላይ ረዥም ቱቦ ሣለች፤ አንጀት መሆኑ ነው። ግድግዳው ላይ ትንሽ በር ሠራችለት። "ብረቱ እዚህ ድረስ ይመጣል" አለችኝ። "ግን ሻዩ በሩ ጋ ሳይደርስ ይይዘዋል። ከሆድዎ ይደርሳል፣ ከደምዎ ግን አይደርስም።" ወረቀቱ እስካሁን የትምህርት ማስታወሻዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የሒሳብ ሰው ነኝና ቁጥሮቹን ላካፍላችሁ። አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ብረት ጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ ከአንዲት ሚስማር አይበልጥም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። ሲያረጅና ሲፈርስ ብረቱ አይጣልም፣ አዲስ ሴል ይሠራበታል። ስለዚህ በየቀኑ ከምግብ መግባት ያለበት 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ግን የወር አበባ ለምታይ አዋቂ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ያለው ምግብ ብዪ ይላል፤ ለወንድ 8፣ ለነፍሰ ጡር 27። 2 ለሚበቃው ሰውነት 18 ለምን? አብዛኛው ሳይገባ ስለሚያልፍ ነው። እናንተ የጻፋችሁት ስለሚበላው 18 ነው። እኔን የጎዳኝ ወደ ደም መግባት የነበረበት 2ቱ አለመግባቱ ነው።

ከሥጋ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይገባል። የጥራጥሬና የቅጠል ብረት ግን አስቸጋሪ ነው። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉት እነ ታኒን ይይዙታል፤ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ የሚገባውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ጥራጥሬው ራሱም ፋይቴት የሚባል ብረት የሚይዝ ነገር አለው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ማብቀል ወይም ማብላላት ይቀንሰዋል። በሌላ በኩል ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት በቀላሉ ወደሚቀበለው መልክ ይለውጠዋል። ግን እዚያው ማዕድ ላይ፣ አብሮ መበላት አለበት። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታ ምስር ብዙም አይረዳም። ደግሞ ቫይታሚን ሲ እሳት አይወድም፤ ሎሚው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመቀው።

እኔ የለወጥኩት ይኸው ነው። ምስሬ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ ጥሬ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አስከትላለሁ። ሻዬን አልተውኩም፤ አልተውምም። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ኪኒኑን በውሃ ነው የምውጠው፤ በወተትም አልውጠውም፣ ካልሲየሙም ያዳክመዋልና። በሦስት ወር 12.4 ሆነ። ነርሷ ግን "አሁን እንዳያቆሙ፣ የሰውነትዎ የብረት ጎተራ ገና አልሞላም" ብላ ሦስት ወር አስቀጠለችኝ። ጠመኔው ሳላስተውለው ነው የተወኝ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሽታው ምንም እንዳላለኝ አወቅሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም። ወባ፣ የአንጀት ትል፣ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት፣ ከሆድ ዕቃ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል። በተለይ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነች ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መዋጥም አደጋ አለው፣ የበዛ ብረት ጉበትና ልብ ይጎዳል። ሕፃናት ካሉ ደግሞ ኪኒኑ ይቆለፍበት፤ ትንሽ ልጅ አብዝቶ ከዋጠው ሊገድለው ይችላል።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሌላም ብዙ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በደንብ የሚገቡት ቅባት ሲኖር ነው፤ ካሮት ጥቂት ዘይት ይፈልጋል። የጥራጥሬና የእህል ፕሮቲን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ይህን የሚነግረን ሰው የለም። ቀጣዩን የምግብ ሰንጠረዥ ስታወጡ "ምግቡ" እና "የሚገኝበት ንጥረ ነገር" ከሚሉት ሁለት ዓምዶች ጎን ሦስተኛ ጨምሩልን፤ "ከምን ጋር ይበላ፣ ከምን ይራቅ" የሚል። ቦታ ካጠረ ፎቶውን አሳንሱት።

አንባቢያችሁ፣
የሒሳብ መምህርቷ