በጎ ፈቃዱ መስከረም ሲጠባ ለምን ያልቃል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን ስለ ክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የጻፋችሁትን አነበብኩ። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል። እሰየው ነው። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ግን መሀል ላይ የገባችው አንዲት ነገር ናት። ለታዳጊ ሴቶች በራስ መተማመንን የሚያዳብር ሥልጠና ተሰጠ ትላለች። በሐምሌ!

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሴት ተማሪዎች ክበብ ውስጥ በነፃ አገለግላለሁ። አበል የለውም፣ ቲሸርትም የለውም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ሥልጠናው በጣም የሚያስፈልጋቸው ልጆች ያን ጊዜ ከተማ ውስጥ የሉም። አረም ላይ ናቸው።

እነማን ናቸው ካላችሁኝ፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ናቸው። ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ የገጠር ቀበሌዎች ይመጣሉ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዕድሜያቸው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ነው። ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ፣ ማታ በሩን ራሳቸው ይቀረቅራሉ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ አገራቸው ይገባሉ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ ተሸክመው እሑድ ይመለሳሉ። መንገድ ሲዘጋ ስንቁም ይቀራል። (በእነዚህ ዓመታት መንገዱ እንዴት እንደነበር ለእናንተ መንገር የለብኝም።)

ክበቡ መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ነበር የሚሰበሰበው። የሚመጡት የከተማ ልጆች ብቻ። የገጠሮቹ ዓይን አፋር ስለሆኑ ነው ይባል ነበር። ስንቅ ሊያመጡ ሄደው ነው እንጂ ዓይን አፋርነት ምን አገባው! ወደ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብናዞረው ወንበር ጠፋ።

ዓይን አፋርነቱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ አነጋገሯ የገጠር ነው ብለው ይስቁባታል። ከዚያ በኋላ መልሱን ብታውቀውም እጇን አታወጣም። ስታወራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ደግሞ ሌላ አለ። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ብርድ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ ያሰረች ተማሪ ካያችሁ፣ ሞቋት እንዳይመስላችሁ። ፔሬዷ መጥቶባት ነው። ቀሚሷ ነክቷል። ወንዶቹም ይህንን ያውቃሉ። በማግስቱ ትቀራለች፣ በሠልስቱም ትቀራለች።

ስለዚህ ከሞዴስ ጀመርን። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቐለ ላይ ፋብሪካ አቋቁመው እየታጠበ የሚያገለግል ሞዴስ እንደሚያመርቱ፣ ለዚህም ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ እንደሸለማቸው ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የእሳቸው ዓይነት በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እኛ እንደዚያ አናምርም፤ ሐሳቡን ግን ወሰድን። ከላይ ለስላሳ ጥጥ፣ ውስጡ የፎጣ ቁራጭ፣ ከሥር ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቁልፍ። የሚሰፋው በእግር በሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው።

ከስፌቱ ይልቅ ያስቸገረን ማድረቁ ነው። ልጆቹ አጥበው ፍራሽ ሥር ይደብቁታል። ግቢው የጋራ ነው፣ አከራይ አለ፣ የአከራይ ወንድ ልጅ አለ። በእኛ አገር ብርድ ፍራሽ ሥር የገባ ጨርቅ ሳምንት ቢቆይም አይደርቅም፤ ይሸታል፣ ያሳክካል። መላውን ያመጣችው አንዷ ልጅ ናት። ገመድ ላይ አስጥቶ ከላዩ ስስ ሻሽ ጣል ማድረግ። ፀሐዩም ነፋሱም ይገባል፣ የሚያይ ሰው ግን ሻሽ ነው የሚያየው። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ሁለተኛው ሥራችን እቁብ ነው። በሳምንት አሥር አሥር ብር። ዳኛ ይመረጣል፣ ጸሐፊ ይመረጣል፣ ያረፈደ ይቀጣል። ባለፈው ዓመት ዳኛ የሆነችው ያቺ አፏን በነጠላ የምትሸፍነው ልጅ ናት። ሒሳብ ትችላለች፣ ለማንም አታዳላም አሉና መረጧት። አንድ ረቡዕ እኔ ዘግይቼ ገባሁ። ደብተሯን ገለጠች።

«እማማ፣ አርፍደዋል። ሁለት ብር።»

«ባጃጅ አጥቼ እኮ ነው ልጄ።»

«ባጃጅማ ሁሉም ያጣል። ሁለት ብር።»

ከፈልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መዝግባ ወደሚቀጥለው አለፈች። አፏም አልተሸፈነም ነበር።

እንግዲህ ሐምሌ ላይ ባነር ሰቅሎ፣ ሁለት ሰዓት «ትችያለሽ!» ብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከሚሄድ እንግዳ ጋር የማልግባባው ለዚህ ነው። ምኑን ነው የምትችለው? እስቲ አንድ ነገር አስይዟትና ትሞክረው። እነዚህ አሠልጣኞች ሁሌ ደራርቱን ይጠራሉ። ደራርቱ በ1984 ነሐሴ ላይ ባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ እኔም እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። ግን የስንታየሁ እሸቱን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። በቆጂ ላይ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱን በልጅነቷ ያሠለጠኑ እሳቸው ናቸው፤ በኋላም እነ ፋጡማ ሮባን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን። ዓመት ከዓመት ጠዋት ጠዋት ሜዳ እየወጡ ነው ይህን ያደረጉት። በአንድ ክረምት ቢሆንማ በቆጂን ማን ያውቃት ነበር?

የሴት ልጅ ፈተና ደግሞ ከክረምት ይልቅ በበጋ ይበረታል። መስከረም ላይ አዲስ ክፍል፣ አዲስ አከራይ አለ። ጥር ሲቃረብ የሠርጉ ወሬ ይመጣል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም፣ ኋላ የወጣው የክልላችን ሕግም 18 ዓመት ይላሉ። ሽማግሌ ግን ሕግ አንብቦ አይመጣም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ክበባችን ድራማ ይለማመዳል። አንዷ ጋቢ ለብሳ፣ ዱላ ይዛ አባት ትሆናለች። ሌላዋ ፊቷ ቆማ «አባዬ፣ ልማር» ትላለች። አባት ይቆጣል፣ «የማን ልጅ አገባች፣ አንቺስ?» ይላል። ልጅቷ ሳታለቅስ፣ አባቷንም ሳትደፍር መልስ መስጠት አለባት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። አባት ሆና የምትጫወት ከሞጃ አገር የመጣች አንዲት ልጅ አለች፣ አሳሳሏ ሳይቀር የሽማግሌ ነው። ሦስተኛ አራተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ሳቁ ይቆማል። ክርክሩ የምር ይሆናል።

ሁሉም ተሳክቷል አልልም። ያገቡብን አሉ። የትምህርት ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ እስካሁን መቀርቀሪያ የለውም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች። ውኃ ከመጣ መጣ ነው። ይህንን በ«ትችያለሽ» መሻገር አይቻልም። አንድ አናጺ ግማሽ ቀን ቢመጣ ግን ያልቃል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ከሐምሌው ጉልበት ላይ ትንሽ ቀንሱና ለበጋው አስቀምጡልን። በየሳምንቱ ካልሆነላችሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት። ንግግር ማወቅ አያስፈልግም። ሒሳብ መያዝ የምትችል የባንክ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ መቀጠል የምታስተምር ባለሙያ፣ የልብስ ስፌት የምታውቅ እናት ትበቃለች። ወንዶችም ብትሆኑ ኑ፤ አናጺው በተለይ። ያረጀ ፎጣ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። የሲንጀር መርፌም እየተሰበረ አስቸግሮናል፣ 14 እና 16 ቁጥር ነው የምንጠቀመው።

ጋዜጣው ደግሞ ደብዳቤዬን ነሐሴ ሳያልቅ ቢያወጣልኝ አመሰግናለሁ። ምዝገባ ሲጀመር የገጠሮቹን ልጆች አባቶቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። አባቶቹን አንድ ላይ የማገኛቸው ያን ሰሞን ብቻ ነው። ጋዜጣውን ይዤ በር ላይ ልጠብቃቸው አስቤያለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የደብረ ብርሃን ነዋሪ ጡረተኛ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ አስታውቄአለሁ)